ያልተነካው ስፌት

ሰላሳ አራት ዓመት በአንድ ጨረታ ቤት መጽሐፍ የጠገነ ሰው፣ አንድም ቀን ስሙ በሚሸጡት ዕቃዎች ዝርዝር ላይ አልተጻፈም። የሥዕሉ ክፈፍ ከምን እንጨት እንደተሠራ ይጻፋል። የሰዓቱ መሙያ ቁልፍ መጥፋቱ ይጻፋል። የአበባ ማስቀመጫው ጆሮ መሸረፉ እንኳ ይጻፋል። የእትዬ ወስፌ እጅ ግን የትም የለም። ይኼ ሳያንስ አሁን ደግሞ ማንበብ አይችሉም ተብሎ ከጠረጴዛቸው ሊነሱ ነው።

«ወስፌ» ያሏቸው ዕቃ ተሸካሚዎቹ ናቸው። ግማሹ ለመሣሪያቸው፣ ግማሹ ለምላሳቸው ነው። እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም፤ ወስፌ የማይወጋ ከሆነ ምን ይሠራል?

ነገሩን ያመጣው አዲሱ የዕቃ ገማች ነው። ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። የክፍሉን ግድግዳ በዲፕሎማ ሞላው፤ ቦታ ያጣው አንዱ መሬት ላይ ተደግፎ ቀረ። ይኼ ሰው ለቤቱ ባለቤት «ብርቅ መጽሐፍ፣ ማንበብ በማይችል ሰው እጅ አይገባም። ማሸጊያ ክፍል ይሂዱና ካርቶን ይጠቅልሉ» አላት። ባለቤቲቱ በልጅነቷ በእትዬ ወስፌ ጠረጴዛ ስር ቁርጥራጭ ቆዳ እየለቀመች ያደገች ናት። እሷም «ከጨረታው በኋላ እንነጋገራለን» አለች። በዚያ ቤት ደግሞ «እንነጋገራለን» ከተባለ፣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

የጨረታው ዕለት ጠዋት አጫራቹ እንደ ልማዱ ወደ ጥገና ክፍሉ ገባ። አጫራቹ የእትዬ ወስፌ የእህት ልጅ ነው፤ እናቱ በሁለት ዓመቱ ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በየጨረታው ጠዋት ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ያነብላቸዋል። እሱ ድምፁን ያሟሽበታል፣ እሳቸው ደግሞ ክራቸውን በሰም እያሹ ያርሙታል።

«ዕቃ ቁጥር ዐሥራ ስድስት። የግድግዳ መስታወት፣ ክፈፉ ወርቅ ቅብ።»

«ጥግ ጥጉ ቀለም ነው። ወርቁን ጮክ ብለህ አትጥራው፣ ያፍራል።»

«ዕቃ ቁጥር ዐሥራ ሰባት። የዕፀዋት መጽሐፍ፣ ሥዕሎቹ በእጅ ቀለም የተቀቡ፣ የአንድ ዳኛ ንብረት የነበረ። ስፌቱ ከተጠረዘበት ቀን አንስቶ የሰው እጅ ያልነካው።»

እትዬ ወስፌ ክሩን አስቀመጡት። «መጨረሻውን ድገመው።»

ደገመው።

«ዳኛው ቀጭን ነው? ሲያወራ አፍንጫውን የሚነካካ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አክስቴ፣ ሞቷል። ወራሾቹ ናቸው የሚሸጡት።»

እትዬ ወስፌ ተነሡ። ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወደ ማሳያው አዳራሽ ወረዱ። መጽሐፉ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል። የቆዳው ታችኛው ጥግ ላይ ሽንብራ የምታህል የሰም ጠባሳ አለች። እትዬ ወስፌ የሚያውቋት ጠባሳ ናት። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በአንድ ክረምት የዳኛው ጣሪያ አፍስሶ፣ መጽሐፉ ቅጠል ቅጠሉ ተለያይቶ በገበቴ ነበር የመጣው። ሁለት ወር ሙሉ አደረቁት፣ አስተካከሉት፣ ሰፉት። አዲሱ ክር ነጭ ሆኖ እንዳያስቅባቸው ሦስት ቀን ሻይ ውስጥ ዘፈዘፉት። የጀርባው ማጠንከሪያ ጨርቅ ሲያልቅባቸው ደግሞ፣ ያኔ በሕይወት የነበረችው እህታቸው አሮጌ ቀሚሷን አምጥታ «ቅደጂው፣ ለእኔ ጠቦኛል» አለቻቸው።

ገማቹ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ክራባቱን ያስተካክላል።

«ልጄ፣ ይኼን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉት።

ፈገግ አለ። «እማማ፣ ስንት መጽሐፍ ሰፍተዋል። ይመሳሰልብዎታል።»

«አንተ ዲፕሎማዎችህ ይመሳሰሉብሃል?»

ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። «ክሩን በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። ዕድሜ ያጠቆረው ክር ነው።»

«ሻይ ያጠቆረው ክር ነው። ክፈትልኝና ላሳይህ።»

«የተጻፈ ማስረጃ አለዎት?»

«የተጻፈማ ቢኖር እኔን ምን ያስለፋኛል? አንተ ታነበው ነበር።»

ገማቹ የሣጥኑን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። «ዝርዝሩ ታትሟል፣ ገዢዎች እየገቡ ነው። እባክዎ፣ እንዳይነኩት።»

ሲነገራቸው የኖረ ነገር ነው፣ አልገረማቸውም። የገረማቸው ሌላ ነው። ሰውየው ወረቀቱን አይቷል፣ ቀለሙን አይቷል፣ ማኅተሙን አይቷል፤ በዚህ ሁሉ ልክ ነው። የተሳሳተው እሳቸው ጋ ሲደርስ ብቻ ነው። ሥራቸውን ከማሳመራቸው የተነሳ፣ እንዳልሠሩት ተቆጠረ።

አጫራቹ በሩ ላይ ያዛቸው። ላብ ላብ ብሎታል። «አክስቴ፣ በእናቴ ሞት የዛሬን ዝም በይ። ገማቹን ዛሬ ካዋረድሽው ጠረጴዛሽ አለቀለት። ቆይ፣ እኔ ባለቤቲቱን እለምንልሻለሁ።»

«ተለምኖ የሚገኝ ጠረጴዛ ይቅርብኝ። ያ ሐሰት ተሽጦ ነገ ገዢው ቢያውቅበት፣ መጽሐፉን ተሸክሞ ይመለሳል። የጠራኸው ደግሞ አንተ ነህ፤ በአንተ አፍ ነው የሚሳቀው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«በእናትህ ለመንከኝ አይደል? እንግዲያው ስማ። የዚያ መጽሐፍ ጀርባ ቆዳ ስር የእናትህ ቀሚስ አለ። ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። አሁን ሂድና የሰው እጅ አልነካውም በል።»

አጫራቹ ያን ቀሚስ የሚያውቀው ከአንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ቀሚሱ ግራጫ ነው።

አዳራሹ ሞላ። እትዬ ወስፌ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ገዢዎች መካከል ተቀመጡ። አጠገባቸው ያሉት ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው፤ የዕፀዋት መጽሐፍ በወጣ ቁጥር የማይቀሩ፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ አሁንም ብዕር የምታክል ባትሪ የሚይዙ። ሐኪሙ ሽርጡን አዩ፣ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ለቀቁላቸው።

መስታወቱ ተሸጠ። ስለ ወርቁ ጮክ አልተባለም።

«ዕቃ ቁጥር ዐሥራ ሰባት» አለ አጫራቹ። መጽሐፉ ከሣጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የዕፀዋቱን አነበበ፣ የቀለሙን አነበበ፣ የዳኛውን አነበበ። «ስፌቱ...» ብሎ ቆመ። አጫራቹ መዶሻውን አስቀመጠና ወረቀቱን አጠፈ።

«ስለ ስፌቱ የሚያውቁት ሰው እዚህ አሉ። እኔ ከማነብ እሳቸው ይናገሩ። አክስቴ፣ ነይ እስቲ።»

ገማቹ ከመቀመጫው ተነሣ። ከኋላ ግን የባለቤቲቱ ድምፅ መጣ፤ «ይናገሩ።»

እትዬ ወስፌ አልቸኮሉም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ መጽሐፉን መሐል ለመሐል ከፈቱት። እንዲህ ሲከፈት የጀርባው ቆዳ ከስፌቱ ይለቅና እንደ ቦይ ክፍተት ይፈጥራል።

«ከመታየቱ በፊት ልናገር፣ በኋላ አይታ ነው እንዳትሉኝ። እዚህ ውስጥ ሰማያዊ ጨርቅ አለ፤ ነጠብጣቡ ነጭ ነው። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።» ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞሩ። «እርስዎ ሐኪም ነዎት፣ ጉሮሮ ማየት ያውቃሉ። ይምጡና ይቺን ይዩልኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሐኪሙም እየሳቁ መጡ፣ ባትሪያቸውን አብርተው በጀርባው ክፍተት አጮለቁ። ሳቃቸው ቆመ።

«ሰማያዊ ነው» አሉ። «ነጭ ነጠብጣብ።»

ገማቹም መጣ። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። ሲነሣ ጆሮው ቲማቲም መስሏል። አጫራቹ ባትሪውን ተቀበለው። እሱ ያየበት ጊዜ ከሁሉም ረዘመ፤ ማንም አላጣደፈውም።

«ከሥዕሎቹ የጎደለ አለ?» ብለው ጠየቁ ሐኪሙ።

«አንድም የለም። ቅጠል በቅጠል ቆጥሬ ነው የሰፋሁት። ማንበብ እንጂ መቁጠር አላቃተኝም።»

«ስፌቱስ፣ ይቆያል?»

«ከእኔና ከእርስዎማ ይቆያል።»

አጫራቹ መዶሻውን አነሣ። «እንግዲህ ሰምታችኋል። ስፌቱ የሰው እጅ የነካው፣ ያውም የትኛው እጅ እንደሆነ የታወቀ» አለ። ሦስት ሰዎች ተፎካከሩ፤ መዶሻው ለሐኪሙ ወደቀ። ዋጋው ገማቹ ካሰበው ዝቅ ብሏል። ሆኖም ገዢው ምን እንደገዛ አውቆ ገዛ፤ ማንም ተመልሶ የቤቱን በር አይደበድብም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቲቱ ወደ ጥገና ክፍሉ ገባች። ጠረጴዛውን በመዳፏ ዳሰሰችው። «እትዬ፣ ጠረጴዛዎ እዚሁ ይሆናል።»

«የት ሊሄድ ኖሯል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

ባለቤቲቱ እንደ ልጅነቷ አፏን ሸፍና ሳቀች፣ ወጣች።

ቆይቶ ገማቹ መጣ። በር ላይ ቆመ። «እማማ፣ ለሐኪሙ የሚሰጠው ወረቀት መታረም አለበት። ስለ ስፌቱ... ቢነግሩኝ።»

«ወንበር ይዘህ ና። ቆሞ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል።»

ወንበር አመጣ። ስለ ገበቴው፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ቀሚሱ ነገሩት፤ እሱም እየጠየቀ ጻፈ። የሚጠይቀው ጥያቄ ደህና ነበር፤ ሰውየው ደደብ እንዳልሆነ እትዬ ወስፌ ያን ጊዜ ልብ አሉ።

«መጨረሻው ላይ ‹በባለሙያ እጅ የታደሰ› ብያለሁ» አለ።

«ባለሙያ ማን ነው? እኔ በዚህ ክፍል ባለሙያ የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም። ሰርዘው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ከነአባቴ ጻፍ። ወስፌ ብለህ እንዳትጽፍ፣ እሱ ለቅርብ ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ስለ ማንኛውም መጽሐፍ ስፌት ከመጻፍህ በፊት፣ መጽሐፉን ይዘህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ታመጣዋለህ።»

ገማቹ ሰረዘ፣ ጻፈ። ብዕሩን ሊከድን ሲል እጁን ያዙት።

«አልጨረስክም። አሁን አንብብልኝ። ከላይ ጀምር፣ አንድ ቃል እንዳትዘል፤ ስሜ ጋ ስትደርስ ደግሞ ጮክ በል።»