የግራው በር

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑን ሰፈሩ «ጆሮ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙ ከወጣለት ሃያ ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን ጋራዡ ደጃፍ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ የጭነት መኪና በፊቱ አለፈ፤ ጆሮ ቀና እንኳ ሳይል «የዲናሞው ኩሽኔታ አለቀለት፣ ሩቅ አይሄድም» አለ። መኪናው መስቀለኛው መንገድ ላይ ሳይደርስ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው ጠፋ፤ እሱም ቅር አላለውም። በሰውነት ክፍል መጠራት ጥሩ ነው፣ ያ ክፍል እስከሠራ ድረስ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ የግራ ጆሮው አይሰማም። ሐኪሙ በመሣሪያ ለካው፣ ነርቩ ነው አለ፣ አይመለስም አለ። ጆሮ የምርመራ ወረቀቱን አጣጥፎ በመሣሪያ ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ፣ ከተቃጠሉ ፊውዞች ሥር ከተተው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጆሮ የተባለ ሰው መስማት አቃተው ከተባለ ሥራውም ስሙም በአንድ ቀን እንደሚያበቃላቸው ያውቃል። ስልክ በቀኙ ያነሳል፣ ደንበኛ በቀኙ ያስቆማል፣ ያልሰማውን በሳቅ ያልፈዋል። አንድም ሰው አልነቃብኝም ብሎ ያምናል።

አንዲት አዋላጅ ነርስ ማክሰኞ ዕለት መጣች። መኪናዋ የሃያ ሁለት ዓመት አሮጊት ናት፤ ዳሽቦርዷ ላይ ግን ጭረት አይታይም። የፊት በሮቹ ስፒከሮች መንተፋተፍ ስለ ጀመሩ በአዲስ ይቀየሩልኝ አለች፤ ከፋብሪካ አብሮ የመጣውን ራዲዮ ግን እንዳትነካብኝ ብላ አጥብቃ ተናገረች። ቁልፎቹን ሳታይ በጣቷ ታውቃቸዋለች፤ ለምጥ ተጠርታ ስትከንፍ ዓይኗን ከመንገድ ማንሳት አትፈልግም። ደግሞስ የሚያብለጨልጭ ራዲዮ መስታወት ያስሰብራል፣ ይህን አሮጌ ግን ሌባም ይጠየፈዋል። ጆሮ በዚህ ሳቀና ሥራውን ተቀበለ።

ከጋራዡ ጋር በአንዲት በር የሚገናኘውን የመለዋወጫ ሱቅ የያዘችው ታላቅ እህቱ ናት። የሱቋን ትልቁን ስፒከር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎለተችው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ዜሮው ብዙ ነው። ጆሮ መለሰላት። የፋብሪካው ራዲዮ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ያን የሚያህል ስፒከር ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ የሚስማማው የሚርገበገበው ወረቀቱ ቀላል የሆነ፣ በትንሽ ጉልበት የሚናገር ነው ብሎ አስረዳት። እህቱ ለአዋላጇ ዞራ፣ ወንድሜ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ በረሃብ ባለቀ ነበር አለቻት፤ ትንሹንም አወጣች።

የበሮቹን ሽፋን በጥንቃቄ አላቀቀ፤ በእርጅና የደረቁት ክሊፖች አንዱም አልተሰበረበትም። የድሮዎቹ ስፒከሮች ጠርዝ ጣቱ ሲነካው ዱቄት ሆኖ ረገፈ። የግራው በር ቀለም ከቀሪው መኪና ትንሽ ይጠቁራል። አዋላጇ ከሦስት ዓመት በፊት አውቶቡስ ጨርፏት በሩ ከሌላ ዓመት ሥሪት መኪና ተፈትቶ እንደ ተገጠመ ነግራዋለች፤ እሱም እሺ ብሎ ረሳው። ሽቦዎቹን እንደ ቀኙ በር በቀለማቸው እየለየ ቀጠለና በናስትሮ ጠቀለላቸው።

ሌሎች ኤሌክትሪሺያኖች በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ሽቦውን በባትሪ ድንጋይ ነካ ያደርጉታል። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከዘለለ ልክ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው ተገላብጧል። አንዱ በር ሲገፋ ሌላው ከሳበ ድምፅ ከድምፅ ይጣላል፣ ዘፋኙም መካከል ላይ መቆሚያ ያጣል። ጆሮ ይህን ሲያደርጉ ባያቸው ቁጥር ይቀልድባቸው ነበር። የተገላበጠን ሽቦ እሱ ገና ራዲዮው ሲከፈት በጆሮው ይይዘዋል፤ ባትሪ ድንጋይ ጆሮ ለሌለው ነው ይላል። እንደ ልማዱ ዘጋው፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ዘፈን አዳመጠ። በቀኝ ጆሮው ጥርት ብሎ ገባለት። አፉን ሞልቶ፣ መኪናዋ አዲስ ሆናለች አላት።

ዓርብ ተመልሳ መጣች። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አይንተፋተፍም፤ ግን ዘፋኙ የለም አለች። ቀድሞ ከፊቷ፣ ከመስታወቱ መካከል ላይ ቆሞ የሚዘፍንላት ሰውዬ አሁን አንዴ ከጀርባዋ፣ አንዴ ከጣሪያው፣ አንዴ ከየትም አይደለም። ጆሮ ገብቶ ተቀመጠና አዳመጠ። ዘፋኙ ቁልጭ ብሎ ይሰማዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ሳስቷል፣ እሱን ግን በራዲዮው ድካም አሳበበ። አዲስ ስፒከር እስኪፍታታ ጊዜ ይወስዳል፣ ሁለት ሳምንት ይስጡት አላት። በሙያው እንዲህ ማለት የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም እውነት ነው። አዋላጇ አየት አድርጋው ሄደች።

አስተያየቷን ሊረሳው አልቻለም። ሌላ ደንበኛ ቢሆን የራሱ ጆሮ ነው የሚያስቸግረው ብሎ ያልፈው ነበር። ይቺ ሴት ግን እርጉዝ ሆድ ላይ አጭር የእንጨት ቀንድ ደግፋ የሕፃኑን ልብ ከእናቲቱ ልብ ለይታ ስትሰማ የኖረች ናት። የለም ካለች የለም ማለት ነው። የማይሰማው እሱ ነው። ሁለት ሳምንቱን ሙሉ፣ አሮጌ መኪና ደጃፉ ላይ ፍሬን በያዘ ቁጥር ደነገጠ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። የድሮዎቹን ስፒከሮች ጥለሃቸዋል ወይ ብላ ጠየቀችው። አልጣላቸውም፣ ካርቶን ውስጥ ናቸው።

«እነሱን መልስልኝ።»

«ሲስተር፣ እነዚያ እኮ ተቀዳደዋል።»

«ይሁን። ዘፋኙ እዚያ ውስጥ ነበር።»

በሃያ ዓመት ውስጥ የሠራሁትን አፍርስልኝ ያለው ሰው አልነበረም። ቅስሙ ስብር አለ። እሺ አለና ካርቶኑን ሊያመጣ ወደ ሱቁ በር ተራመደ፤ ካርቶኑን ግን አላነሳም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእህቱን ሰዓት አውርዶ ከጀርባው ባትሪ ድንጋዩን ነቀለ። ሰዓቱ አራት ከሃያ ላይ ቆመ። እህቱ ከባንኮኒው ኋላ ሆና አየችውና የቆመውን ሰዓት አነሳች።

አዋላጇን አንድ ነገር ልሞክር ብሎ አስፈቀዳት። ራዲዮውን ከዳሽቦርዱ በዝግታ ስቦ ከኋላው ያለውን ሶኬት ነቀለ፤ የሁለቱን በሮች ሽፋንም አነሳ። ከሶኬቱ በኩል የቀኙን በር ሽቦ በድንጋዩ ነካው። ወረቀቱ ወደ ውጭ ዘለለ። የግራውን ነካው። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ገባ። እጁ ስቶ እንደ ሆነ ብሎ ደገመው፤ ደግሞ ገባ። ከሌላ መኪና የመጣው በር የሽቦው ቀለም የተገላቢጦሽ ኖሯል፤ ድሮ በሩን የገጠመው ሰው አውቆ አገላብጦ ያያያዘውን እሱ በቀለም አምኖ አበላሽቶታል። አንድ የሰፈር ጀማሪ በአንድ ድንጋይ በግማሽ ደቂቃ የሚያገኘው ስህተት ነው።

ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረ፣ ጠቀለለ፣ ራዲዮውን መለሰ። እጁ ሥራውን ሲጨርስ አፉም የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር፤ ሽቦው ላልቶ ነው፣ አሁን ጠብቋል ይላል፣ ነገሩም እዚያው ይቀበራል።

አዋላጇ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ በሩን ዘጋች፣ ራዲዮውን ሳታይ ከፈተች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጆሮ በተከፈተው መስኮት ጎን ቆሞ ፊቷን እያየ ጠበቀ። ትንሽ ቆይታ እጇን አንስታ መስታወቱ መካከል ላይ ጠቆመች።

«መጣ» አለች። «እዚህ ነው።»

ራዲዮውን ቀነሰችና ወደ እሱ ዞረች። «እኔን የገረመኝ አንተ ነህ። ያን ዕለት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሰምተኸዋል። እንዴት አመለጠህ?»

ወቀሳ አልነበረበትም። ምጥ የያዛትን ሴት ሕመሙ መቼ ጀመረሽ ብላ እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችው፤ እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ መዋሸት ያስቸግራል። ሽቦው ላልቶ ነው የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ጆሮ አፈረ፤ ከማፈሩ በላይ ግን ደክሞት ነበር፣ ዓመት ሙሉ ራሱን ሲጠብቅ ደክሞታል።

«በግራዬ አልሰማም፣ ሲስተር» አለ። «ዓመት ሆነኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች እህቱ። የቆመውን ሰዓት በእጇ ይዛ በቀኙ በኩል ቆማለች። «ዓመት ሙሉ መኪና እየዞርኩ፣ የዘይት ኩሬ እየዘለልኩ በቀኝህ የምመጣው ሽርሽር መስሎህ ነው?»

ጆሮ ዞሮ አያት። እውነት ነው፤ ሱቁ በግራው ነው፣ እሷ ግን የምትመጣው ሁልጊዜ በቀኙ ነው። ስልክ ሲጠራ እሷ ትነግረዋለች። ደንበኛ በግራው ሲቆም ወንበር ይዛ ትደርስና ወደ ቀኙ ታስቀምጠዋለች። ብቻዬን ደበቅኩት ያለውን ሲደብቁት የኖሩት ሁለት ሆነው ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«አንተ ሳትነግረኝ?»

ጆሮ ናስትሮውን ሲጠቀልልና ሲፈታ ቆየ። አዋላጇ ሞተሩን አስነሳች። መሪውን ይዛ፣ ሥራዋን እንደምታወራ ሰው ረጋ ብላ፣ «እኔም አንዳንድ ቀን የሕፃኑን ልብ ምት አጣዋለሁ» አለችው። «ያኔ ጓደኛዬን ጠርቼ ስሚልኝ እላለሁ። አንድም ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ባፍር ኖሮ ስንት ልጅ በሞተብኝ።» ይህን ብላ ዘፋኟን ይዛ ሄደች።

ጆሮ ስሙ አልተቀየረም፤ ሰፈር አንዴ ያወጣውን ስም መልሶ አይወስድም። ወሬው ወጥቶ ሁለት ሦስት ደንበኞች ቀሩ፣ ከነሱ አንዱ ተመለሰ። ባትሪ ድንጋዩ መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ከላይ ይቀመጣል፤ ስፒከር በገጠመ ቁጥር ባለ መኪናው እያየው ይነካበታል፣ ከዚያም በሩን ከፍቶ ስሙልኝ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ቃሉ ከአፉ አልወጣ እያለ አስቸግሮት ነበር።

እህቱም መዞሩን ተወች። ከሱቁ ስትወጣ በቀረባት በኩል፣ በግራው ትመጣና ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች። እሱም ይዞራል።