ክንፍ ለሌለው የተተወ በር

ቱንቢ ልጅ ሳለ ነው። ትኩሳት ይዞት ከመጋረጃው ጀርባ ተጋድሟል፤ አባትና እናቱ የተኛ መስሏቸው ያወራሉ።

«ክንፍ ያለውማ ምን ቸገረው፤ ግንቡን ከላይ ያልፈዋል» አለ አባቱ፤ እሱም ግንበኛ ነበር። «የሚያሳዝነው በእግሩ የሚሰደደው ነው።»

«ታዲያ ለጉንዳን በር ልታወጣለት ነው?» ብላ እናቱ ሳቀች።

አባቱ የመለሰውን ትኩሳቱ በላው። ሳቅ ትዝ ይለዋል፣ የጣሳ ኳኳታ ትዝ ይለዋል፤ መልሱ ግን ዕድሜ ልኩን ቢፈልገው አልመጣለት አለ። ያቺኑ ግማሽ ወሬ ለሴት ልጁ ሲያጫውታት ኖረ።

እሱን ሰፈሩ ቱንቢ ይለዋል። ቱንቢ ግንበኛ የግድግዳውን መቆም የሚያይበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው። ስሙ የወጣለት ግንቡም አንገቱም ስለማይጎብጥ ነው። አሁን ጉልበቱ መሰላል እንቢ ብሎታል፤ ሙያውን የያዘችው ልጁ ናት። ብቻዋን የተዋዋለችው የመጀመሪያ ሥራዋ የዳቦ ቤቱ የጓሮ ግንብ ነው።

«አባዬ፣ ና አብረን እንሥራ» ብላው ነበር ስትጀምር።

«ምን ልሠራ?»

«የሲሚንቶውን ማልታ ታቦካልኛለህ።»

«እኔ? ላንቺ? ጉድ በል ሰፈር! አርባ ግንበኛ ያስተማርኩ ሰውዬ አካፋ ይዤ ‹ቀጠነ ወይስ ወፈረ› ልበልሽ?»

እንቢ ይበል እንጂ ከጓሮው ጠፍቶ አያውቅም። በብብቱ ዳቦ ይይዝና «ዳቦ ልገዛ ነው የመጣሁት» እያለ የተደፋ ባልዲ ላይ ይቀመጣል። ዳቦው ብብቱ ውስጥ እስኪደርቅ አይነሳም።

ግንቡ የታዘዘው በጉንዳን ምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት ከጓሮው ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ውሃ ሞላው፤ ጉንዳኖቹም ጎጇቸው ሲጥለቀለቅ ጓዛቸውን ጠቅልለው በጓሮው ተነሱ። ባለ ዳቦ ቤቷ ሰልፋቸውን ስታይ መሀሉ ላይ ላምባ ደፋችበት። ሰልፉ ሲቆረጥ ሰልፈኛው ተበተነ፤ ዱቄቱ ውስጥ፣ ቡኮው ውስጥ፣ የጋጋሪው ሱሪ ውስጥ።

«ያልነከሱኝ ቦታ ቢኖር ጥርሴ ብቻ ነው» ይላል ጋጋሪው እስከ ዛሬ።

ልጅቷ ግንቡን ጨረሰች። ያማረ፣ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ። ግን ከሥሩ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ትታለታለች፤ ከቀዳዳዋም በጓሮው ንጣፍ ሥር በጠፍጣፋ ድንጋይ የተሸፈነች ቦይ ተነስታ ከዱቄት ቤቱ ርቃ ታች ወዳለው ፈፋ ትወጣለች። ባለ ዳቦ ቤቷ ልትረከብ በመጣች ጠዋት ዓይኗ ያረፈው እዚያችው ላይ ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«መንገዳቸው ነው እትዬ። ብንዘጋው በላይ ይወጣሉ እንጂ መሄዳቸውን አይተዉም። ከዱቄቱ ርቀው ይለፉ ብዬ ነው።»

«ከጉንዳን ገላግይኝ ብልሽ በር ከፍተሽ ታስገቢልኛለሽ? እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ምንጣፍስ የታለ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ።

«ድፈኚው። አለዚያ አልረከብም፤ የቱንቢ ልጅ ቀዳዳ ግንብ ሠራች ብዬም ለሰፈሩ አወራለሁ።»

ቱንቢ ባልዲው ላይ ሆኖ ደነገጠ። የመጀመሪያ ሥራዋ «ቀዳዳ» ከተባለ ሁለተኛ የሚሰጣት የለም። ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሻላሉ። አንድ ድንጋይ ይወሽቁበትና ነገሩ ይለቅ።»

ማልታ የሚለጠፍበት ካዞላ እግሩ ሥር ነበር። ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዋን አየ፤ ጣቱን አስገብቶ የቦይዋን ተዳፋት ዳሰሰ። ሸካራ ነገር የለባትም። እሱ ዕድሜ ልኩን የገጠመ እንጂ ቀዳዳ የመተው ድፍረት ኖሮት አያውቅም። ትኩሳት የበላበት መልስ እዚህ፣ በልጁ እጅ፣ በድንጋይ ተሠርቶ ተቀምጧል።

«አልችልም» አለ ቀና ብሎ።

«አንድ ድንጋይ አቃተዎት?»

«ድንጋዩስ አያቅተኝም። ግንበኛዋ ግን እሷ ናት። በሰው ሥራ ላይ ካዞላ አላነሳም።»

«ልጅዎ አይደለችም እንዴ?»

«ልጄማ ልጄ ናት። ግንቡ ግን የሷ ነው።»

ሴትዮዋ ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው። «በሉ እስኪዘንብ ትቆይ። አንዲት ጉንዳን ዱቄቴ ላይ ባይ ግን ግንቡን ታፈርሳለች።»

ቱንቢ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዝናብ ጸለየ፤ ጮክ ብሎ አይደለም። «የልጄን ስም አደራ» ብቻ ነበር የሚለው።

ዘነበ። በማግስቱ ጠዋት ጋጋሪው «መጡ!» ብሎ ጮኸ።

ሰልፉ ከባዶው ቦታ እንደ ጥቁር ገመድ እየተተረተረ ይመጣል። ነጫጭ ልጆቻቸውን በአፋቸው ይዘዋል፤ ራሰ ትልልቆቹ በግራና በቀኝ ቆመው በገላቸው አጥር ሠርተዋል። የፊተኞቹ ግንቡ ሥር ሲደርሱ ቆሙ፣ ተርመሰመሱ፤ ጥቂቶቹ ድንጋዩን መውጣት ጀመሩ። ጋጋሪው ላምባውን አነሳ።

«ማንም እንዳይነካቸው!» አለች ልጅቷ። እጇ ሳታስበው የአባቷን እጅጌ ጨምድዶ ይዟል።

አንዷ ቀዳዳዋን አገኘች። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ገመዱ በሙሉ ታጠፈና እንደ ክር በመርፌ ዓይን ገባ። ሰዎቹ ሁሉ ሮጠው ወደ ታች ወረዱ፤ ጉንዳኖቹ ከንጣፉ ሥር ወጥተው በፈፋው ዳር ወደ ዛፎቹ ሲሄዱ አዩ። ዱቄት ቤቱ በር ላይ አንዲትም አልነበረችም። ሰልፉ እስኪያልቅ እኩለ ቀን ሆነ። አመሻሹ ላይ ደግሞ አንዲት ቀንድ አውጣ ቤቷን አዝላ በዚያችው በር ስትገባ ቱንቢ አያትና ብቻውን ሳቀ።

«አየህ ያቺን ቦይ?» አለ ለጋጋሪው። «ልጄ ናት የሠራቻት።»

«ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ ነገሩኝ!»

ባለ ዳቦ ቤቷ እጇን አጣምራ «ቀዳዳዋ ትቆይ» አለች። «የፊት ለፊቱንም አጥር ያዥልኝ። ረዳት ግን ፈልጊ፤ ብቻሽን አዘገየሽብኝ።»

ልጅቷ አባቷ ወደተቀመጠበት ባልዲ ዞረች።

ቱንቢ የደረቀ ዳቦውን ከብብቱ አውጥቶ ግራ ቀኝ አገላበጠው።

«ማልታው ቢቀጥን ትቆጪኛለሽ?»

«እቆጣሃለሁ አባዬ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት አካፋውን አምጪልኝ» አለ። «አቦካልሻለሁ።»