አሥራ ሁለት ሜትር

የፊዚክስ መምህሯ የትምህርት ቤት ዕረፍቷን የጉድጓድ መዘውር ስታዞር አሳልፋለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። ግን ጉድጓድ ቆፋሪ የሆነው ታላቅ ወንድሟ መዘውር የሚያዞርለት ባልደረባው ወገቡን ታሞ ተኛበት፤ ሥራው ደግሞ ቀን ተቆርጦለታል። «እህት ዓለም፣ ያንቺ ድርሻ ማዞር ብቻ ነው» አላት ወንድሟ። የወንድም ነገር ሆኖባት እሺ አለች።

ሦስት ቀን ገመድ የተጠቀለለበትን ግንድ በእጀታው እያዞረች አፈር በባልዲ ስታወጣ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ውሃ ፈለቀ። ወንድሟ በገመዱ ጫፍ በታሰረው እንጨት ላይ ተቀምጦ «አውጪኝ!» አለ፤ ድምፁ ከደስታ ብዛት ይንቀጠቀጣል።

አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጋው ጥቂት ሲቀራት አንድ ነገር ቀጭ አለ። መዘውሩ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ብረት ተሰብሮ እግሯ ሥር ወደቀ። የወንድሟ ክብደት ሁሉ ክንዷ ላይ አረፈ።

«ለምን ቆምሽ?»

«ምንም አይደል! ገመዱን ጥብቅ አድርገህ ያዝ!»

ተማሪዎቿን «ዕቃ ተሸክሞ ዝም ብሎ የቆመ ሰው በፊዚክስ ቋንቋ ሥራ አልሠራም» ስትላቸው ክፍሉ በሳቅ ያውካካ ነበር። አሁን ላብ ዓይኗ ገብቶ፣ ክንዷ እየተንዘፈዘፈ፣ እሷም ሥራ አልሠራችም። እስካሁን ያፈሰሰችው ጉልበት ግን የትም አልጠፋም፤ ከወንድሟ ጋር እዚያው ተንጠልጥሏል። ብትለቀው ያ ሁሉ ፍጥነት ሆኖ ከታች ይጠብቀዋል፤ በሰዓት ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር። ሒሳቡን ሳትፈልግ ሠራችው። ጉልበቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። በፍትጊያ ሙቀት ይሁን!

«እማማ! ድረሱልኝ!»

ጉድጓዱ የሚቆፈርበት ግቢ ባለቤት፣ ሰባን የተሻገሩ ወፍራም ሴት፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ።

«ያንን አጣና ያንሱ! ጫፉን ከዚህ አግዳሚ እንጨት ሥር ያስገቡና ገመዱ በተጠቀለለበት ግንድ ላይ አጋድመው በሙሉ ክብደትዎ ይጫኑት!»

«ክብደት ከሆነ እግዜር አልነፈገኝም» ብለው ሴትዮዋ አጣናው ላይ ዘፍ አሉ።

መምህሯ እጇን ቀስ እያለች አላላች። ግንዱ እያቃሰተ ወደ ኋላ ዞረ። እንጨት ከእንጨት ሲፋተግ ጭስ ተነሣ።

«ልጄ፣ እሳት ሊነሳ ነው!»

«ይነሳ እማማ! እንዳይለቁ!»

መሀል ላይ የመዘውሩ እጀታ ከእጇ አምልጦ አንጓዋን መታት። ግንዱ ሁለት ዙር ፈተለከ፤ ከጉድጓዱ ጩኸት ተሰማ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አጣናው ላይ ተደፉ፤ ግንዱ ተንገጫግጮ ቆመ። እንደገና ትንሽ፣ እንደገና ትንሽ እያሉ አወረዱት። በመጨረሻ ገመዱ ላላ።

«ምን ነካሽ? ውሃው ጉልበቴ ደርሷል!»

አሮጊቷ መንደሩን በጩኸት ቀወጡት። አራት ጎረቤቶች ገመዱን በእጃቸው ስበው ሲያወጡት እስከ ደረቱ ርሶ ነበር። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የጠቆረውን ግንድና ያበጠውን የእህቱን አንጓ አይቶ ዘጋው። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ብረቱ እንደተሰነጠቀ ትናንት አይቻለሁ» አለ። «ዛሬን ካለፈ አሠራዋለሁ ብዬ ነው።»

መምህሯ እስካሁን አምቃ የያዘችው እንባ ያን ጊዜ ገነፈለ። «እኔን እላይ አቁመህ!» አለችው። እሱም እጇን በእርጥብ ሸሚዙ ጠቀለለላት።

ጉድጓዱ በሳምንቱ አለቀ፤ አዲሱን ብረት ብየዳ ቤት ሄዳ ያሠራችው ግን እሷ ናት።