የሐጂ ሙንዚር ፍንጃል

ወጂሃ ይህችን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። በአሜሪካዋ ከተማ በዲርቦርን ያለ ሶሪያዊ ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሳለት ባለሱፐርማርኬቱ ሐጂ ሙንዚር፣ ልጇን ረሃፍን ለልጁ ለላይስ ሊለምን ሽማግሌዎች አስከትሎ ጠባቧ ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጧል። ቀጠሮውን ማክሰኞ ያደረገችውም እሷ ናት። ሱቃቸውን ዘግተው ይምጡ ብላ ነው።

ቂሟ የቆየ ነው። ከደርዓ ተሰደው እዚህ በገቡ በዓመቱ ባሏ ፋያድ ሞተና አዳራሽ ተከራይታ ለቀስተኛ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ሐጂው በዚያው ቀን አዲሱን ሱቁን ሊያስመርቅ የአገሩን ሰው ሁሉ ለበግ ጥብስ ጠርቶ ነበር። "ለቅሶውስ?" ላሉት፣ "እዚህ አሜሪካ ነው። በሥራ ቀን ለቅሶ የለም፤ መጤዎቹ ይልመዱት" ብሎ መለሰ። ወጂሃም ለመደች። እንግሊዝኛውን ለመደች፣ መኪና መንዳቱን ለመደች፣ ያለ ወንድ ዘመድ ቤት ማስተዳደሩንም ለመደች። ያቺ ቃል ግን አልዋጥ አለቻት።

አሁን ቡናው ተቀድቶ ፊታቸው ቀርቧል። በአገራቸው ደንብ ልጅ ለማኙ ፍንጃሉን ሳይነካ ያስቀምጣል። የልጅቷ ወገን "ጠጣ፣ ልጅቷ የናንተ ናት" እስኪል ማንም አይቀምስም። ሳይጠጡ ተነስቶ መሄድ ከሞት አይተናነስም። ላይስ የዚህ አገር ተወላጅ ነውና እጁን ወደ ፍንጃሉ ሲሰድ አንዱ ሽማግሌ አንጓውን ያዘው።

"ቆይ እንጂ አንተ፣ ምን አስቸኮለህ?"

ሐጂው ጉሮሮውን ጠረገ። "የረሃፍ እናት፣ የመጣንበትን ታውቂዋለሽ።"

"አውቃለሁ፣ ሐጂ።"

"ጠጣ" ግን አላለችም። ቡናው መትነኑን ተወ። አንዱ ሳለ፣ ሌላው አቀርቅሮ ምንጣፉን ያጠና ጀመር።

"ቡናው እየቀዘቀዘ ነው እኮ፣ እህቴ።"

"ይቀዝቀዛ። በሥራ ቀን ሽምግልና አለ እንዴ? ለባሌ ለቅሶ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቅህ፣ በሥራ ቀን የለም ብለህ አልነበር?"

ሐጂው ፊቱ ደም መሰለ። ሽማግሌዎቹም ቀና ማለት አቃታቸው፤ ያን ጥብስ የበሉት እነሱ ናቸው። ወጂሃ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ይሄኔ ረሃፍ ካፖርቷን ለብሳ ከጓዳ ወጣች።

"እማ፣ አባቴን እኔም ቀብሬዋለሁ። ላይስን ግን አልቀብርልሽም" አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። "እምቢ ካልሻቸው ነገ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን። እዚህ አገር የሚጠየቀው የኔ ፈቃድ ነው።"

ወጂሃ ልጇን ታውቃታለች፤ ያለችውን ታደርጋለች። ኮበለለች ከተባለ የከተማው መሳቂያ እናትየዋ ናት፤ ሐጂውማ ምራቱን ያገኛል። እሳት ጎረሰች። ጎንበስ ብላ የሐጂውን ፍንጃል አነሳችና እጁ ላይ አስቀመጠችው።

"ልጅቷ የላይስ ናት። ጠጣ።"

"ትኩስ ይቀየርለት እንጂ" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"አይቀየርም። መጀመሪያ ግን ያልደረስከውን ለቅሶ ድረስ።"

ሐጂው ልጁን አየ። በሩ ላይ በካፖርት የቆመችውንም አየ።

"አላህ ይዘንለት" አለ።

"ስሙን ጥራ።"

"ለፋያድ አላህ ይዘንለት።"

ያን የቀዘቀዘ መራራ ቡና እስከ አተላው ሲጨልጠው ወጂሃ ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም። ሲጨርስ ፍንጃሉን ተቀበለችውና ከዚያው ከቀዘቀዘው ማንቆርቆሪያ ሁለተኛ ቀዳችለት።