የአልታዬ ሌማት

እኛ አገር ዳቦ የመጣበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤትሽ በሌማቷ ዳቦ ስትልክልሽ ዳቦውን ትበያለሽ፣ ሌማቱን አራግፈሽ ታስቀምጫለሽ፣ እጅሽ ላይ ነገር ሲገኝ ደግሞ አንድ ነገር አድርገሽበት ትመልሻለሽ። እንጀራም ይሁን፣ ቆሎም ይሁን፣ እፍኝ ሽምብራም ቢሆን ግድ የለም። ባዶውን ከመለስሽ ግን ወይ ተቀይመሻል፣ ወይ ንቀሻል ማለት ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉ እያየን ነው ያደግነው። ይኸው ደግ ልማድ ታዲያ በስልሳ አምስት፣ ንጉሡ ሊወርዱ ዓመት ሲቀራቸው፣ የወንድሜን ልጅ ሊያሳጣን ነበር።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ወደ አባይ የሚወርደው ቁልቁለት ሳይጀምር ባለው ደጋ ላይ ነበር። እናትና አባታችን ስላለፉ እኔ ከታላቅ ወንድሜ ከያለውና ከሚስቱ ከሸዋረግ ጋር እኖራለሁ። ለባል የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ሸዋረግን እትዬ እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ንግሥቴ ብላ ስሜን ስትጠራኝ እውነትም ንግሥት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ሸዋረግ ዳቦ ስትጋግር አጠገቧ መቀመጥ እወድ ነበር። ሊጡን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ታዳምጠዋለች። «ገና ነው፣ እንቅልፉን አልጨረሰም» ትላለች። ኮባው ላይ ከገለበጠችው በኋላ ሳትከድነው በፊት ዙሪያውን በጣቶቿ ቆንጠር ቆንጠር ታደርገዋለች፤ ዳቦው በስሎ ሲወጣ በጠርዙ የስንዴ ዛላ የተነቀሰበት ይመስላል። ሊቆረስ ላይቀር ምን ያደክምሻል፣ ማንስ ያየዋል ስላት፣ እኔ አየሁት አይደል ትለኛለች።

ከኛ ዝቅ ብሎ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ ባልንጀራዋ አልታዬ ነበረች። የአልታዬ ሙያ ስፌት ነው። ስንደዶውን በጳጉሜ ለቅማ፣ አክርማውን ሰንጥቃ፣ ቀለሙን ራሷ በጥብጣ ነክራ፣ ወስፌዋን ይዛ ስትቀመጥ ሰው ሲያልፍ እንኳ ቀና አትልም። እኔንም ስፌት ያስተማረችኝ እሷ ነች። ሁለቱ ሴቶች በሙያ አይገናኙም። አልታዬ የሸዋረግን ሰፌድ አይታ፣ በዚህ ላይ ዶሮ ብትተኛ እንቁላሏ ተንከባሎ ጎረቤት ይገባል ትላለች። ሸዋረግ ደግሞ የአልታዬን ዳቦ ይዛ፣ ይህንንስ ለአጥር ድንጋይ ብታስቀምጪው ትላታለች። እንዲህ እየተባባሉ ነው የኖሩት።

የወንድሜ ልጅ ፈንታው ክርስትና ሲነሳ፣ እትዬ ሸዋረግ አራስ ነበረችና ዳቦውን አልታዬ ጋገረችው። ይዛው የመጣችው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ስትሰፋው በከረመችው አዲስ ሌማት ነው። የክዳኑ ቀይ አለላ ከመሐል ተነስቶ እንደ ነበልባል ወደ ጠርዝ ይወጣል፤ ሴቱ ሁሉ ዳቦውን ትቶ ሌማቱን ነበር የሚያየው። አልታዬም ዳቦዋን ታውቀዋለችና እየሳቀች፣ «ሌማቱን ስትመልሺው ከዚያ ከዳቦሽ አድርጊበት፤ እኔም አንድ ቀን ሰው የሚበላው ዳቦ ልብላ» አለቻት።

እትዬ ሸዋረግ በአዲሱ ስንዴ እመልሰዋለሁ አለች። ስንዴው ግን ዛላውን ሳይሞላ ደረቀ። ለገና ይሁን አለች፤ ለገና የነበረን ለዘር የተቀመጠው ብቻ ነበር። ለፋሲካ አለች፤ ለፋሲካ ዘሩም አልነበረም። ወንድሜ በሬዎቹን በማይረባ ዋጋ ሰጥቶ፣ የገዛልንን እህልም ስንጨርስ፣ ጎጃም ሥራ አይጠፋም ብሎ አባይን ተሻገረ። ወሬው ጠፋ። በልግ ይዘንባል ስንል እሱም ቀረ። ከአቀስታ በኩል ያሉ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ደሴ መንገድ እንደወጡ የምንሰማው በዚያ ሰሞን ነው። ሌማቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ሸዋረግ በየጊዜው ታወርደውና አቧራውን በነጠላዋ ጠርዝ ጠርጋ ትመልሰዋለች። ስትሰቅለው ፊቷን ወደ እኔ አታዞርም።

አንድ እሑድ ከማርያም ቅዳሴ ስንወጣ አልታዬ በሴቶች መሐል፣ «ሌማቴ ባል አገባች እንዴ፣ ቀረችሳ?» አለቻት። እንደ ወትሮዋ ለጨዋታ ነው። ሴቶቹ ሳቁ፣ እትዬ ሸዋረግም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ውሃ የምትቀዳው ከሩቁ ምንጭ ሆነ። ቤተ ክርስቲያንም ማለዳ ሄዳ ሰው ሳይወጣ ትመለሳለች። አልታዬ ጠበቀች፣ ጠበቀች። በመሐል በለጥሻቸው የምትባል ጎረቤታችን፣ ወሬ ከቤቷ የማይጠፋ፣ ክዳኑ ቀይ የሆነ ሌማት መካነ ሰላም ገበያ ሲሸጥ አየሁ ብላ ለአልታዬ ነገረቻት። አልታዬም አመነች። ምንጭ ላይ ስታገኘኝ ደህና ነሽ ከማለት በቀር ቃል አትጨምርም፤ እንስራዋን ሞልታ ትሄዳለች። ወስፌ እንዴት እንደሚያዝ እጄን ይዛ ያሳየችኝ ሴት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአልታዬ ቤት እህል ነበር። ባሏ ሞላ በጥጋቡ ዘመን በጉድጓድ ያኖረው ገብስ ነበረው። ብዙ አይደለም፣ ግን ነበረ። ጠዋት ጠዋት ከደጇ ቆማ የመንደሩን ጣሪያ ታያለች፤ ጭስ ያልወጣበት ቤት ካለ በነጠላዋ ሸሽጋ ጥቂት ገብስ ታደርሳለች። የኛ ቤት ግን አንድም ቀን ሳይጨስ አልቀረም። ሳማ ስናገኝ ሳማ እንቀቅላለን፣ ሳማም ባይኖር እትዬ ሸዋረግ ውሃ ትጥዳለች። ጭሱ እንዲታይላት ነው።

በኋላ አብዮቱ መጥቶ፣ ዘማች ተማሪዎች መንደራችን ሲሰፍሩ፣ ያንን ዘመን አንስተው ጠየቁን። ጥሩ ልጆች ነበሩ። ጎረቤት እህል እያለው ለምን አልተናገራችሁም ይሉናል። ለማስረዳት ከበደን። ራብ አፍ የሚያስከፍት የሚመስለው ላልራበው ነው። የራበው ሰው በሩን ዘግቶ ዝም ይላል፤ በተለይ በሙያዋ የታወቀች ሴት። መንደሩ ሁሉ ዳቦሽን እያመሰገነ ከኖረ በኋላ ዳቦ የለኝም ማለት ስሜ ጠፋ እንደማለት ነው።

ሰኔ ላይ ፈንታው ቆሞ መሄድ ጀምሮ የነበረው ተመልሶ መቀመጥ ጀመረ። ከዚያ መቀመጡንም ተወው። ማልቀሱ ሲቀር ነው እኔ የፈራሁት። አልታዬ ዘንድ ልሂድ ብዬ ለመንኳት።

«ዳቦዋን በልቼ፣ ሌማቷን ይዤ፣ ደግሞ እህሏን ልለምናት?» አለችኝ። «ሌማቱ ሳይመለስ ያንን በር ብትረግጪ፣ ንግሥቴ፣ ቀብረሽኝ እንደሄድሽ ቁጠሪው።»

መሄዱን ተውኩት።

የበልጉ ገብስ በቀረበት ማሳ ላይ ሲናር ብቅ ብቅ ብሎ ነበር። ሲናር ታውቃላችሁ፣ ከገብስ መሐል ነቅለን የምንጥለው አረም ነው፤ ፍሬው ቀጭን፣ ፀጉሩ ጉሮሮ የሚወጋ። ሁለታችን ማሳ ለማሳ እየዞርን ዛላ ዛላውን ለቀምን። ፀጉሩን በእሳት ለበለብነው፣ ወቀጥነው፣ ነፋነው፣ ፈጨነው። የወጣው ዱቄት አንድ ቅል እንኳ አልሞላም። እኔ ሁሉም ለልጁ ይሁን አልኩ፤ እሷ ግማሹን አጥሚት አድርጋ ለልጁ አስቀመጠች፣ ግማሹን ግን ልታቦካው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉ ቃል ተናገርኳት፤ ከልጅሽ አፍ ነጥቀሽ ሌማት ትሞያለሽ አልኳት። እሷ ገበቴውን አወረደች።

ስታቦካው ግን እጇን ማየት አልተውኩም። ሲናር እንደ ስንዴ አይያያዝም፤ ይፈረካከሳል። ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረገች፣ እንደ ታመመ ሰው እያባበለች ሰበሰበችው። መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። «ይኸ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም» አለችና ፈገግ አለች። ከስንት ወር በኋላ ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዳቦው የመዳፍ ስፋት ነው ያለው። በጠርዙ ዙሪያውን ቆንጠር ቆንጠር አደረገችለት፣ ለክርስትና ዳቦ እንደምታደርገው። የተቆጣሁት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም፤ ምሶሶውን ተደግፌ አየኋት።

በማግስቱ ልጁን እኔ አዝዬ፣ ሌማቱን እሷ ይዛ ወረድን። አልታዬ ደጃፏ ላይ አክርማ ትሰነጥቅ ነበር። ሌማቱን ስታይ አክርማው ከእጇ ወደቀ። ተነስታ ተቀበለችን፣ ክዳኑን አነሳች። በዚያ ሰፊ ሌማት መሐል ያ ጥቁር ዳቦ ብቻውን ተቀምጧል፤ ቅርፊቱ ላይ ያልተቃጠለ የሲናር ፀጉር ተሰክቶበት። አልታዬ ከዳቦው ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ዳቦው አየች። ከዚያ ይህን መብላት ከጀመራችሁ ቆያችሁ ወይ ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

«ዳቦ ነው ያመጣሁልሽ» አለች እትዬ ሸዋረግ። «ሌላውን ተይው።»

አልታዬ ቆርሳ ጎረሰች። አላመጠች፣ ፀጉሩን ከምላሷ ላይ በጣቷ አወጣች። «ይኸም ሆኖ ከኔ ዳቦ ይሻላል» አለች። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና አልታዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሸጠችው ብለውኝ አምኜ ነበር አለች።

«ሸጬው ቢሆን ኖሮ» አለች እትዬ ሸዋረግ፣ «ይኸ ልጅ ዛሬ በእግሩ ይመጣ ነበር።»

አልታዬ ሌማቱን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ በገብስ ሞልታዋለች፤ የጉድጓድ ሽታ ያለው፣ ጠቆር ያለ ገብስ። ክዳኑን ገጥማ እትዬ ሸዋረግ ራስ ላይ ራሷ አደረገችላት። አብሽሪ፣ ልጁ ይድናል አለቻት። ቀጥላ ግን እንደተቆጣ ሰው ሆና ተናገረች።

«ሲያልቅ ሌማቱን ይዘሽ ነይ። ባዶውን። አንድ ቅጠል ብታደርጊበት አልቀበልሽም።»

«ባዶ ዕቃ ይዤ በመንደር መሐል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውንማ ሰማነው። ጭስሽ ነው የዋሸኝ፤ ሌማቱ አይዋሸኝ።»

ገብሱን በቁጠባ በላነው። በመጀመሪያ ቀጭን አጥሚት፣ ቀስ በቀስ ወፈር ያለ። ፈንታው ማልቀስ ጀመረ፤ ደስ አለን። ከዚያ ተቀመጠ። አንድ ቀን የምሶሶውን ሥር ይዞ ተነሳና ተመልሶ ወደቀ፤ የወደቀው ልጅ ይስቃል። ገብሱ ግን አለቀ።

ሌማቱን ይዘን የምንወጣበት ቀን እትዬ ሸዋረግ ከማድጋው ሥር እፍኝ ገብስ አወጣች። ለካ ደብቃ አስቀምጣ ኖሯል። በእጇ ይዛ ከሌማቱ በላይ ቆመች። በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ተናግሬ አይቼዋለሁ። ፈንታው መሬት ላይ እየዳኸ መጥቶ ቀሚሷን ያዘ። እጇን ከሌማቱ ላይ መልሳ እፍኟን ድስቱ ውስጥ አደረገችው። ሌማቱን ከድና ወጣች፣ እኔም ልጁን አዝዬ ተከተልኳት።

የተከደነ ሌማት ሙሉ ይሁን ባዶ ማንም አያውቅም። ሰው ሁሉ ዳቦ ይዛ ወደ ባልንጀራዋ ትሄዳለች እንዲል ነው የከደነችው፤ ሳልጠይቃት ገባኝ። የበለጥሻቸው አጥር ጋ ስንደርስ በለጥሻቸው ከሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጣለች። ከሩቅ ጀምራ ሌማቱን ነው የምታየው። ለካስ አለሽ፣ ዛሬስ ምን ይዘሽላት ነው አለቻት፣ አንገቷን አስግጋ።

እትዬ ሸዋረግ ቆመች። ሌማቱን ከራሷ አወረደች፣ ክዳኑን አነሳችና ብብቷ ሥር ያዘችው።

«ምንም አልያዝኩም» አለች። «ልጄን የማበላው አጥቼ፣ እህል ልቀበልበት ነው።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ክዳኑን ሳትመልስ፣ የሌማቱን ባዶ ሆድ ለሰማይ እንደከፈተች ቁልቁለቱን ወረደች። እርምጃዋ ፈጥኖ ልደርስባት አልቻልኩም።

አልታዬ ደጃፍ ስንደርስ ካፊያ ጀምሯል። አልታዬ ሌማቱን ተቀብላ ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ምንም እንዳልተደበቀበት ልታረጋግጥ። ደግ አደረግሽ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ልትገባ ስትል ግን ከኛ አሻግራ ወደ መንገዱ አየችና ቆመች። ዞር ስንል በለጥሻቸው ናት። ሰፌድ ደረቷ ላይ እንደ ጋሻ ይዛ ትመጣለች። ሰፌዱ ላይ ምንም የለም። የእሷም ቤት እንደኛው በየጠዋቱ እንደሚጨስ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

አልታዬ ምንም አልጠየቀቻትም። ሰፌዱን ተቀብላ ሌማቱን ከላዩ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። እኛ ደጃፉ ላይ ቀረን። በለጥሻቸው ካፊያው ላይ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ያ ገበያ ያየሁት ሌላ ሌማት ሳይሆን አይቀርም» አለች።

«ይሆናል» አለቻት እትዬ ሸዋረግ። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቦታ ለቀቀችላት።