ያልለበሰ ጠርዝ

...አያስታውቅም፣ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ እያለ ነጩን ሲሚንቶ በአውራ ጣቱ የአክስቱ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጠርዝ ላይ ይለቀልቃል፣ በእርጥብ ስፖንጅ ያብሳል፣ እንደገና ይለቀልቃል። ያስታውቃል። የተቆረጠ ሴራሚክ ምን ቢቀቡት ቢላ ነው፣ ይሄን እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው መታጠቢያ ቤት ሲያስውብ ኖሮ።

ጠርዙን የሚያለብሱት አልሙኒየሞች ሦስት ነበሩ፣ አንዱ ለመስኮቱ፣ አንዱ ለበሩ ጎን፣ አንዱ ሻወሩን ለሚከልለው አጭር ግድግዳ። አንዱን ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ የጫፉን ሰያፍ ወደ ውስጥ መቁረጥ ሲገባው ወደ ውጭ ቆረጠው፣ ልቡ ስልኩ ላይ ነበር፣ የነገው ደንበኛ፣ መቼ ነው የምትመጣው አንተ ሰውዬ፣ ነገ በጠዋት አለሁ፣ አለሁ አልኩህ እኮ፣ እና አልሙኒየሙ ተበላሸ። የጀማሪ ስህተት። ታዲያ ሁለቱን ደህናዎች የት አደረጋቸው? መስኮቱ ላይና በሩ ጎን፣ እንግዳ የሚያያቸው ቦታ። አጭሩ ግድግዳ ራቁቱን ቀረ፣ እሱን የምትነካው አክስቱ ብቻ ናት፣ አክስቱ ደግሞ...

አታይም።

ይህን አስቧል። በገዛ ጭንቅላቱ፣ ማንም ሳያስገድደው። እናቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፣ ጣቱ ውስጥ የገባ ስንጥር በመርፌ ጫፍ ስታወጣለት የምታለቅሰው እሱ ሳይሆን እሷ ነበረች፣ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ቤቱን የምታየው በእጇ ነው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትሄደው፣ ያንን አጭር ግድግዳ እንኳ የሠራው ተደግፋ እንድትቆም ብሎ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይሻለዋል።

ጨረስክ እንዴ የኔ ጌታ፣ ትላለች ከኮሪደሩ። ጨርሻለሁ አክስቴ፣ ይላል አፉ፣ ከሱ ቀድሞ። እሰይ፣ እጅህ ይባረክ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቻለሁ፣ የልጄን ሥራ መጥታችሁ እዩ ብያለሁ፣ መጣሁ፣ እስቲ ልየው። ልየው ትላለች ደግሞ። ነገ ሌላ አልሙኒየም ይገዛል፣ ነገ ግን ሰው ቤት ነው፣ ከነገ ወዲያ እንግዲህ፣ እስከዚያ በሌላኛው በኩል ብትይዝስ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን የሚያስብ፣ ደደብ፣ ደደብ እንኳ አይደለም፣ ደደብ ሳያውቅ ነው የሚያጠፋው።

ትገባለች። መዳፏ የበሩን ጎን ያገኛል፣ ወይ ልስላሴው! ግድግዳውን እየዳሰሰች ትመጣለች፣ ቀስ፣ ቀስ፣ መጋጠሚያዎቹን በጣቷ ትከተላለች፣ ትመርቀዋለች፣ እያንዳንዱ ምርቃት ፊቱን ያቃጥለዋል፣ በቃሽ፣ ተይ ሊላት ይፈልጋል፣ እጇ ወደ አጭሩ ግድግዳ እየዞረ ነው፣ አንድ ክንድ፣ አንድ ስንዝር፣ ተናገር እንጂ አንተ፣ ቃል እምቢ ሲለው እጁን ይሰዳል፣ ጠርዙን በመዳፉ ይከድነዋል፣ የሷ እጅ መጥቶ በሱ እጅ ላይ ያርፋል፣ ትደገፍበታለች፣ ከነሙሉ ክብደቷ፣ ሳትጠራጠር፣ ስለቱ ከሥር መዳፉ ውስጥ ይገባል።

ምነው፣ እጅህ እዚህ ምን ይሠራል?

እጁን አያነሳም።

ልጄ?

አልጨረስኩም አክስቴ፣ ይላል፣ ዋሽቼሻለሁ፣ ጠርዙ ስለት ነው፣ አታይም ብዬ ነው፣ እጅሽን ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ አንሺ፣ ወደ ጎን እንዳትወስጂው።