አሳድገኝ ያላለች ልጅ

ወተት ሲደፋ ማየት ያመኛል። ፎገራ ላይ ተወልጄ፣ ከላም ጋር አድጌ፣ አንዲት ጠብታ መሬት ብትነካ እናቴ የምትቆጣኝ ሴት ነኝ። የልጅ ልጄ እናኑ፣ ያውም የፍልሰታ ጾም በተፈታበት ቀን፣ ኩባያዋን ይዛ ወደ ጓሮ ዞራ ለጎረቤት ውሻ ስትገለብጥለት በአጥሩ ሽንቁር አየኋት።

«ምነው ልጄ?» ብላት፣ «ሆዴ እንቢ አለኝ እምዬ፣ ጾሙ አጥብቦት ነው» አለች። አመንኳት። እኔም እኮ ልጅ ሆኜ ፍልሰታን ስፈታ ሆዴ ያቅማማ ነበር።

እናኑ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ስትወልዳት ሞተች። አባቷ፣ ልጄ አዛናው፣ ሰሜን ግንባር ከዘመተ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም የላትም። ስታስነጥስ የምባንን፣ ስትዘገይ መንገድ የምወጣ እኔ ነኝ። ሰዉ «ጸሐይነሽ ልጅቱን እንደ እንቁላል ነው የያዘቻት» ይለኛል። ይበል።

መዘዙ የመጣው ከመምህር ውበቱ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ኩባ ሄዶ ስፖርት ተምሮ ወረታ ተመደበ። ክረምቱ ሲገባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ጅምናስቲክ የሚያሳዩ ልጃገረዶች ያስፈልጋሉ ብሎ መረጠ። ሌሎቹ አንድ በአንድ እየተዉ ሄዱና እናኑ ብቻዋን ቀረችለት። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለት ባላ ተከለ፤ የተጠረበ ባሕር ዛፍ አጋደመበት፤ እሱ ላይ ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ እግሯን ታነሳለች። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ቀን ሳያት ደስ ብሎኝ ነበር። ወፍ መሰለችኝ።

ከኩባ ካመጣው መጽሔት አንድ ገጽ ቀዶ ሰጣት። የእስፓኝ ልጅ ናት፣ ስሟ ኑሪያ ነው አለችኝ። እናኑ በሊጥ አጣብቃ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ለጠፈቻት። ኑሪያ ከጠባብ እንጨት ላይ ቆማ አንድ እግሯን ጆሮዋ ድረስ ሰቅላለች። ትስቃለች። የአንገቷ አጥንት ግን እንደ ማጭድ ወጥቷል። ጸሎት ልጸልይ ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኔ እሷ ላይ ያርፍና ይቀፈኛል።

ይህ መምህር በቀበሌ ስብሰባ ላይ ቆሞ «ጾም የአድኃሪዎች ቅሪት ነው» ያለ ሰው ነው። ፍልሰታ ሲገባ ግን እናኑን «ጹሚ፣ ይጠቅምሻል» አላት። እኔ ሞኟ ልቡ ተመለሰ ብዬ ለማርያም ጧፍ አበራሁለት። ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ ልጅቱ ራሷ «እምዬ፣ የጳጉሜንንም ልጹም» አለች። ይህን የሚጾመው እኮ ከትልልቁም ጥቂቱ ነው። የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። «የተባረከች ናት» አሉኝ። ኮርቼ ተመለስኩ።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጭቃው ውስጥ ገብቶ «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያለ ይጨፍራል። የባለሱቋ የሀሚዳ ልጆች ሳይቀሩ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ ዝናቡን አፋቸውን ከፍተው ይቀበላሉ። እናኑ ከመደቡ ጥግ ተጣብቃለች።

«እናኑ፣ ሩፋኤል ወረደ እኮ! ውጪ እንጂ!»

«አልወጣም።»

«ብርዱን ፈርተሽ ነው?»

«ብወጣ አድጋለሁ።»

ሳቄ መጣ። «ታዲያ ማደግ በሽታ ነው እንዴ?»

«ኑሪያ ያበቃላት ስታድግ ነው፤ መምህር ነግሮኛል። ሰውነት ስታወጣ እንጨቱ ጣላት። እኔ ሳላድግ ጎንደር መድረስ አለብኝ። ከጎንደር አዲስ አበባ ይወስዱኛል።»

ሄጄ እቅፍ አደረግኋት። በቀሚሷ ላይ የጎኗ አጥንት እንደ ቅርጫት እንጨት በእጄ ተቆጠረ፤ ወገቧ ላይ ደግሞ እጄ ቋጠሮ አገኘ። መቀነት ነው፣ አጥብቃ አሥራዋለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ረሃቡ እንዳይሰማኝ ነው። ሳስረው ዝም ይላል።»

በዚህ መሃል ሀሚዳ ልጆቿን ልትሰበስብ መጥታ፣ ሻሿ ተጣብቆባት በሩ ላይ ቆማለች። መቀነቱን ስፈታ አየች።

«እቴ ጸሐይነሽ፣ ለመሆኑ የእናንተ ጾም አያልቅም? ብስኩት ብሰጣት ጾም ነኝ ትለኛለች። መምህሩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱቄ እያመጣ በሚዛን ይመዝናታል።»

«በምን ሚዛን?»

«በዚያው ቆዳና ጨው በምመዝንበት ነዋ! ስትቀንስ ያጨበጭብላታል። ኧረ ተው፣ ልጅ ናት ስለው፣ ለአብዮቱ ነው አለኝ። ፈራሁ እቴ፣ ምን ልበል? አፌን ያዝኩ።»

ለዚህ ሰው ነው ጧፍ ያበራሁት! የማርያምን ጾም ልጅ ማክሻ አደረገው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ በዝናቡ ወጣሁ።

ከተከራየበት ቤት ስደርስ የጣና ዓሣ ጠብሶ እየበላ ነው። ይህን የሚያህል ዓሣ! ዘይቱ በአገጩ ይወርዳል። ብድግ አለና «ይግቡ እማማ፣ ይቅረቡ» አለኝ። ጣቱን ላሰ።

«አልቀርብም። መምህር፣ ያቺ የእስፓኝ ልጅ አሁን የት ናት?»

ልጠይቀው መምጣቴ ደስ አሰኘው፤ ፊቱ በራ። «ኑሪያ? አይ እማማ፣ የእሷ ታሪክ እኮ ጉድ ነው! በስድስት ዓመቷ ተመረጠች። ከእናቷ ቤት ወጥታ ማሠልጠኛ ገባች። ጠዋት ማታ ሥራ ነው። በዓሏን እንኳ ቤቷ አታከብርም። ምግቧ ተለክቶ ነው የሚሰጣት። በአሥራ አራት ዓመቷ ለአገሯ ተወዳደረች፤ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁመቷ ጨመረ። ክብደቷም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከእንጨቱ ወድቃ ጉልበቷ ተሰበረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አበቃ።»

«አንተ! እኔ የምልህ አሁን የት ናት ነው!» ‹እርስዎ› ማለቱ ከአፌ ጠፋ። «ትበላለች? አገባች? ወለደች? ያ ጉልበቷ ውኃ ያስቀዳታል?»

አጥንቱን ከአፉ አወጣና አየው። «እሱን መጽሔቱ አይልም እማማ።»

ቱ! በአሥራ ስድስት ዓመት ያልቃል? እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ገና መጀመሬ ነበር።

«እናኑ ከዛሬ ጀምሮ አትመጣም» አልኩት።

«እማማ ጸሐይነሽ፣» አለ በትሕትና፣ እጁን እየጠረገ፣ «ከጎንደር እንግዶች ይመጣሉ። ስሟ ተላልፏል። ልጅቱ ከቀረች የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። አባቷም ግንባር ነው፤ ለእሱም ጥሩ አይሆንም።»

በልጄ መጣብኝ። ወጣሁ።

ስመለስ በሀሚዳ ሱቅ በረንዳ ላይ ከወሎ ረሃብ ሸሽታ በደብረ ታቦር መንገድ የመጣች አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተጠልላለች። በዚያ ክረምት እንዲህ ያሉ ብዙ ነበሩ፤ ራዲዮኑ ግን ስለ በዓሉ ብቻ ነበር የሚያወራው። «ስለ እመብርሃን» አለችኝ። ልጁን አየሁት። የአንገቱ አጥንት እንደ ማጭድ ወጥቷል። የኑሪያ አንገት ነው! ልክ እሱ! አንዱን በበረንዳ አስተኝተን ሌላውን ከግድግዳ ለጥፈን እናደንቃለን። ቤት ወስጄ ያለውን አበላኋቸው። እናኑ ልጁ ሲበላ አፍጥጣ ታየዋለች፤ ምራቋን ትውጣለች፤ እሷ ግን አልቀመሰችም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ጥቂት ትጎርስና ከንፈሯን ትገጥማለች። ልጅ እንደ ጥጃ በግድ አይጋትም።

መስከረም ሁለት ደረሰ፤ ለአዛናው ፈርቼ እናኑን ለቀቅኳት። ሜዳው ገና ጭቃ ነው፤ ውኃው ከፎገራ አልሸሸም። ቀይ ጨርቅ ሰቅለዋል፤ ለእንግዶቹ ዳስ ጥለዋል። መፈክሩ ካለቀ በኋላ እናኑ ነጭ ለብሳ እንጨቱ ላይ ወጣች። ከሰዉ ኋላ እየተጋፋሁ ወደ ፊት መጣሁ። ሁለት ጊዜ ዞረች፤ አጨበጨቡ። እግሯን ወደ ላይ አነሳች፤ እንደ ሥዕሉ። ከዚያ የቆመችበት ጉልበት እንደ አዲስ ጥጃ ጉልበት መብረክረክ ጀመረ። እግሯን አወረደች። ፊቷ አመድ መሰለ። ዓይኗ ሰዉን አያይም።

መምህሩ ከታች ሆኖ ጥርሱን ነክሶ «ፈገግ በይ!» አላት።

ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ ከማይ ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር።

ሰዉን ያገደውን ገመድ አልፌ ሜዳው ውስጥ ገባሁ። ጠባቂው «እማማ፣ ወዴት ነው?» አለ። «ልጄን ላዝል!» አልኩት። ሳይገባው አሳለፈኝ። እንጨቱ ሥር ደርሼ ጀርባዬን ሰጠኋት።

«ነይ እናኑ። ነይ እምዬ ዘንድ።»

ከዚያ አንገቴ ላይ ዘንበል አለች። ነጠላዬን አዙሬ አሰርኳትና ቀና አልኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ እኔ ወገቤን የሚያመኝ ሴት ነኝ። አልከበደችኝም። የገደለኝ ቅለቷ ነው። የተጣጠፈ ጋቢ ያዘልኩ ያህል እንኳ አልሆነችብኝም።

ይይዙኛል ብዬ ነበር። መፈክር ያስባል የነበረው ካድሬ ግን ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ «እነሆ! እናት ኢትዮጵያ የአብዮቱን ፍሬ በጀርባዋ ተሸክማ!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ትርኢት መስሎት ተነስቶ አጨበጨበ። እንግዶቹም ቆመው አጨበጨቡ። በዚያ ጭብጨባ መሃል ጭቃውን እየረገጥኩ ወጣሁ። ሀሚዳ ብቻ አላጨበጨበችም፤ ከዳር ቆማ በሻሿ አፏን ይዛለች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መምህሩ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር መጣ። እናኑ መደብ ላይ ተኝታለች።

«እማማ፣ እንግዶቹ ተደንቀዋል!» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጎንደር ላይ ይደገም ተብሏል። እርስዎም አብረው ይሄዳሉ።»

«ምኑ ነው የሚደገም?»

«ማዘሉ ነዋ» አለ መምህሩ። ወደ እናኑ አየት አደረገና ድምፁን ቀነሰ። «ብቻ እስከዚያ ልጅቱ ክብደት እንዳትጨምር። እንዳትከብድዎት ብዬ እኮ ነው።»

ለእኔ አሰበልኝ! አየሁት። ያን ቀን የበላው ዓሣ እስካሁን ጥርሱ መሃል ያለ መሰለኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ሳልከፍት እናኑ ከመደቡ ላይ በክርኗ ተነሳች።

«እምዬ፣ ትላንት ከብጄሽ ነበር?»

«አልከበድሽኝም ልጄ» አልኳት። «ልትከብጂኝ ይገባ ነበር። ወገቤን ልትሰብሪው ይገባ ነበር።»

ወደ መምህሩ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«ጎንደር የምትፈልጓት ከሆነ፣» አልኩ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሬ፣ «እኔ ማዘል የሚያቅተኝ ዕለት ኑ። ያን ጊዜ በእግሯ ትመጣለች። እስከዚያ ግን እሰሩኝም፣ ግደሉኝም፣ ከዚህ ቤት አትወጣም። ለእንግዶቹ እናት ኢትዮጵያ ታመመች በሏቸው።»

ሊቀ መንበሩ ወደ በሩ ዞረ። እኛው ዘንድ የሰነበተችው የወሎዋ ሴት ከነልጇ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ስለነበር ሲወጣ ሊረግጣት ምንም አልቀረውም። መምህሩ ተከተለው። ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም፤ ለአዛናው ልቤ እስካሁን ይፈራል።

ኑሪያን ከግድግዳው አላነሳኋትም። እሷ ምን አደረገችን? የሚያዝላት አያት ጠፍቶ ነው።

ወተቱን አፍልቼ ለእናኑ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። የጎረቤቱ ውሻ ሽታው ደርሶት ከአጥሩ ሥር መጥቶ ያላዝናል። አንድ ጊዜ ጎነጨች። ከንፈሯ ነጣ።

በርጩማዬን አንስቼ የጓሮው በር ላይ ተቀመጥኩ።